ሰኞ ሰኞ ቀድሞ የሚነሣው መስመር

የሺወርቅ ማንንም አታምንም። ይህን የምላችሁ ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ «ታዲያ ማንን ልመን?» ብላ መልሳ የምታፋጥጥ ሴት ናት። ወተት የምትገዛው አሽትታ ነው። በር ቆልፋ፣ ገፍታ፣ ስባ፣ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ደግሞ ተመልሳ ትገፋዋለች። ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ላይ ረዳቱ «ጊጊሪ! ጊጊሪ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮኽ እሷ ሾፌሩን ትጠይቃለች፤ ሾፌሩ ሲነግራት ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ትጠይቃለች። የሳውዝ ሲ ሰፈር ጎረቤቶቿ «የሺ የገዛ ጥላዋን መታወቂያ ትጠይቃለች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትሰማለች፤ ግድም የላት።

ደግነቱ ይህ ጠባይዋ እንጀራ ሆኗታል። ከጊጊሪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራዋን ማስረዳት ትንሽ ይከብዳል፤ እስቲ ልሞክር። በኬንያ ግድቦችና ኩሬዎች የተጠራቀመውን ውኃ ፀሐይ እየጠጣችው ያልቃል። አለቃዋ ዶክተር ሙቲሶ የደረቅ አገር ልጅ ናቸው፤ የካምባ ሰው። በውኃው ላይ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ ቢዘረጋ ትነቱ ይቀንሳል ብለው ተነሡ። ስስ ስላችሁ የሽንኩርት ልጣጭ እንዳይመስላችሁ! ውፍረቱ አንድ ሞለኪውል ብቻ ነው። ከዚያ ከሳሳ የለም ማለት ነው።

ልባሱ የሚሠራው ፖሊመር ከሚባሉት፣ ረጃጅም ክር ከሚመስሉት ሞለኪውሎች ነው። ሁለት ዓይነት ነበሯቸው። አንደኛው ውኃ ላይ ሲያርፍ ፈጥኖ ይዘረጋል፤ ግን ልፍስፍስ ነው፣ ትንሽ ሲገፉት እጁን ይሰጣል። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ግን ግትር፣ ሲገፉት ይሰነጠቃል። «ታዲያ ቀላቅሏቸዋ!» ትሉ ይሆናል። ቀላቀሏቸው። ቦታው ሰፊ ሲሆን ተከባብረው ይኖራሉ፤ ቦታው ሲጠብባቸው ግን እያንዳንዱ ወደ ወገኑ ይሸሻል፣ ልባሱም ደሴት ደሴት ይሆንና በመሃሉ ውኃው ራቁቱን ይቀራል። ዶክተር ሙቲሶ በዚህ ተናደው ሦስተኛ ነገር አሠሩ፦ ኮፖሊመር። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ክር ላይ ጫፍና ጫፍ የሰፋ ማለት ነው። እነዚህ ቢጣሉም መለያየት አይችሉም፤ እዚያው እየተጎሻሸሙ አብረው ይኖራሉ። የሺ «ባልና ሚስት» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች።

የእሷ ሥራ እነዚህን ሁሉ ገንዳ ላይ መፈተን ነው። ገንዳዋ ትሪ የምታህል፣ ነጭ፣ ጥልቀት የሌላት ናት። ንጹሕ ውኃ ትሞላታለች፤ በቀጭን መርፌ ፖሊመሩን ጠብ ጠብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ያሉት ሁለት ዘንጎች ቀስ እያሉ ልባሱን ወደ መሃል ይገፉታል። ልባሱ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ኮምፒዩተሩ በመስመር ይሥላል። መስመሩ መጀመሪያ መሬት ይዞ ይተኛል፤ ሞለኪውሎቹ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ ይነሣል። የት ላይ እንደሚነሣ የሺ በቃሏ ታውቃለች። ከዚያ ቀድሞ ከተነሣ ውኃው ላይ ያልተጋበዘ ነገር አለ።

ያልተጋበዘው ነገር ደግሞ ብዙ መሆን የለበትም። የጣት ወዝ ይበቃል። የስኳር ቅንጣት የምታህል ስብ የገበታ ስፋት ያለው ውኃ ታለብሳለች። ስለዚህ በየሺ ላቦራቶሪ ቫዝሊን የተቀባ አይገባም፤ ኦቾሎኒ የቆረጠመ አይገባም። ፍራኦል እጁን ታጥቦ ሲመጣ አገላብጣ ታየውና «ድገመው!» ትለዋለች። ይደግመዋል። «ድገመው!» አሁንም ይደግመዋል።

ፍራኦል የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ናይሮቢ ያደገ፣ ናይሮቢ ኬሚስትሪ የተመረቀ፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ ወጣት። እናቱ እህተማርያም ከየሺ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ወደ ተቋሙ ያስገባችውም የሺ ራሷ ናት። «አንቲ የሺ» ይላታል፤ እናቱ «አንቱ በላት እንጂ!» ብላ ብትቆጣውም አማርኛው እዚያ አልደረሰለትም። የሥራ ውሉ የሚያበቃው በሰኔ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱም ከውሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ውሉ ካልታደሰ ያደገበትን ከተማ ለቅቆ ወደማያውቀው አዲስ አበባ መሄዱ ነው። ዶክተር ሙቲሶ ደግሞ ውል የሚያድሱት የሺን ጠይቀው ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ አበሻው ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ በዓል ማውራት በጀመረበት ሰሞን፣ ከፋሲካ በኋላ መስመሩ ባለገ።

ሰኞ ነው የሚባልገው። አርብ ደህና የነበረው ኮፖሊመር ሰኞ ጠዋት ገና ሳይገፉት ቀና ቀና ይላል። የሺ ውኃውን ለወጠች። መርፌውን ለወጠች። ገንዳዋን ፈትጋ አጠበች። ማክሰኞ ሻል ይላል፤ ረቡዕ ጭራሽ ደህና ይሆናል። ሰኞ ሲመጣ ያው ነው። ዕቃ ቀን አይለይም፤ ቀን የሚለየው ሰው ነው። የሺ እዚህ ላይ ስትደርስ ሆዷ ሻከረ።

ላቦራቶሪው ውስጥ የሚገቡት ሁለት ናቸው፤ እሷና ፍራኦል። እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች፤ ጓንት ሳታጠልቅ ገንዳዋ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። እንግዲህ ማን ቀረ?

ዓይኗን ጣለችበት። ያየችው ሁሉ ደግሞ የሚያስጠረጥር ሆነ። ሰኞ ሰኞ ገና ከመግባቱ መስኮት ይከፍታል። «አቧራ ልታስገባብኝ ነው?» ስትለው «ሶሪ አንቲ፣ ትንሽ ኤር ፈልጌ ነው» ይላል። ስልኩ ሳይጠራ «ንጎጃ ኪዶጎ፣ ትንሽ ጠብቂኝ» ብሎ በረንዳ ይወጣል። እሷ ወደ እሱ ጠጋ ስትል እሱ ፈቀቅ ይላል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ያቀረቅራል። በሱሪ ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ መያዝም ጀምሯል። ንጹሕ ሰው ምን ያስቀረቅረዋል? ጠርሙስስ ምን ያደርግለታል? ምናልባት ሌላ ድርጅት ገዝቶት ይሆናል፤ ምናልባት እሷን አስነቅሎ ቦታዋን ሊወስድ ነው። «እኔው አምጥቼው!» እያለች በማታቱው ውስጥ ብቻዋን ትንገበገባለች።

ይህ ሁሉ ነገር ከፋሲካ ጀምሮ የነበረባትን ራስ ምታት አባሰባት። ከዓይኗ በላይ ይወቅራታል። እንደ እድል ሆኖ አክስቷ አያልነሽ ፋሲካን ልትውል ከደሴ መጥታ ሳውዝ ሲ እሷ ቤት ሰንብታለች። አያልነሽ ሐኪም አትወድም።

«አናትሽ ደርቆ ነው!» ብላት ነበር፣ ገና እንደመጣች። «ምን ይሁን? ከጠዋት እስከ ማታ መድኃኒት ስታሸቺ ትውያለሽ። ነይ፣ ቁጭ በይ እዚህ።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጣትና ከደሴ ያመጣችውን በአሪቲ የታሸ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ትጭናለች። የሺም ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። በሳምንቱ ውስጥ ሰው አምና የምትቀመጠው ያኔ ብቻ ነው። እሑድ ማታ ትታጠበዋለች፤ መታጠብ ከተባለ። ዝናቡ ውጭ እየወረደ ሳውዝ ሲ ቧንቧው ደርቋል፤ በጋሪ የሚመጣውን ጀሪካን ለሁለት ሰው ማብቃቃት አለባት። በአንድ ጆግ ውኃ ለቅለቅ ታደርገውና ሻሿን ጠምጥማ ትተኛለች። ጠዋት ያንኑ ሻሽ እንዳጠለቀች ወደ ሥራ ነው።

ራስ ምታቱ ለሰኞ ይሻላታል። ሰኞ መስመሩን ስታይ እንደገና ይነሣል። «ይጨመርልሽ!» ትላለች አያልነሽ፤ ይጨመራል።

በግንቦት መጨረሻ ዶክተር ሙቲሶ አስጠሯት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሆኖም ትዕግሥታቸው ተሟጧል።

«ማማ የሺ፣ ያንዱ ሳምንት ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምም። ይህን ይዤ ማን ፊት ልቁም? ደግሞ የፍራኦል ውል ደርሷል። ምን ትያለሽ?»

የሺ «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አለች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ምሳ ሄጃለሁ» ብላ ወጣች። አልሄደችም። ኮሪደሩ መጨረሻ ደርሳ በእግር ጣቷ ተመለሰችና በበሩ መስታወት አጮለቀች። ተሳስቼ ቢሆን እያለችም ትመኛለች፣ እውነቱን ለመናገር።

ፍራኦል ገንዳዋ ላይ አጎንብሷል። ከኪሱ ያችን ጠርሙስ አወጣ፤ ነጭ ጨርቅ ነከር አደረገና ዘንጎቹን ይነካካ ጀመር። ዞር ብሎ በሩን አየ፣ እንደገና ነካካ።

በሩን በርግዳ ገባች። «ያዝኩህ!»

ፍራኦል ደንግጦ ጠርሙሷን ከኋላው ደበቀ። መደበቁ ነው የጨረሰው።

«ምንድን ነው እሱ? አምጣ!»

«ክሎሮፎርም ነው አንቲ። ዘንጉን... ትንሽ ላጸዳው ብዬ...»

«እኔ ያጸዳሁትን? እኔ በሌለሁበት? ለምን?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ፊቷ ላይ አላረፈም፤ ከግንባሯ ከፍ ብሎ ሻሿ ላይ ቆየና ተመልሶ መሬት ወረደ።  

ዶክተር ሙቲሶ ቢሮ ውስጥም ያው ነው። «ስንት ጊዜ ነካህ?» «ሰኞ ሰኞ፣ አንዳንዴም ማክሰኞ።» «ለምን አልተናገርክም?» ጆሮው ድረስ ቀልቶ የጫማውን ክር ያያል።

በመጨረሻ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አይ አም ሶሪ» አለ።

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሱና ወደ የሺ ዞሩ። «ልመነው? ቃልሽ ይበቃኛል።»

«አይታመንም» አለች የሺወርቅ።

ፍራኦል ጋዋኑን አጥፎ ወንበሯ ላይ አስቀመጠላትና ወጣ። «ቻው አንቲ» አላት ደግሞ፤ እንደ ሌላው ቀን። የሺ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አልሆነላትም። እህተማርያምን እሑድ ቅዳሴ ላይ ከሩቅ አየቻት፤ እህተማርያምም አየቻትና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ፊቷን አዞረች። የሺ ቤቷ ስትገባ ራሷ ሊፈነዳ ነበር። አያልነሽ በቅዳሜው ላይ የእሑድ ቅቤ ደረበችላት፤ ያን ቀን ደግሞ ጀሪካን የሚያመጣው ሰው ቀረ። በደረቅ ፎጣ ጠረግ አድርጋ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። መስኮቱን ማንም አልከፈተባትም። «እሰይ፣ አሁን እናያለን» አለች ለራሷ። ውኃ ሞላች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ባልና ሚስቱን ጠብ ጠብ አደረገች። መነጽሯ የቅርብ ነው፤ መርፌዋን ለማየት ታወርደዋለች፣ ራቅ ያለውን ኮምፒዩተር ለማየት ሻሿ ላይ ትሰቅለዋለች። ወረደ፣ ተሰቀለ። ዘንጎቹን አስተካክላ ቁልፉን ተጫነች።

መስመሩ ተነሣ። ያውም መነሣት! እስከ ዛሬ እንዲህ ቀድሞ ተነሥቶ አያውቅም።

ውኃውን ደፍታ እንደገና ሞላች። ጓንት ቀየረች። መነጽሯን አወረደች፣ ጠብ አደረገች፣ መነጽሯን ሰቀለች፣ ዘንጎቹን አስተካከለች። ተነሣ።

ፍራኦል የለም። ከአርብ ጀምሮ በሩን የከፈተ ሌላ ፍጥረት የለም። የሺ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ ብታወርደው ላቦራቶሪው ሁሉ ጉም ለበሰ። ልትጠርገው አወለቀችው። መስታወቱ ላይ የጓንት ጣት ቅርጽ ተቀምጧል፤ የሚያብለጨልጭ፣ ወፍራም፣ ስብ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

አሪቲ።

«ውይ!» አለች። «ውይ፣ ውይ፣ አፈር በበላሁ!»

አሁንም ግን የሺ ናት፤ አፍንጫዋንም ቢሆን ወዲያው አታምንም። ገንዳዋን በአዲስ ውኃ ሞልታ በላዩ ላይ ደቃቅ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰች። አዲስ ጓንት አጥልቃ፣ መነጽሯን ሻሿ ላይ እንደልማዷ ገፋ አደረገችና በዚያች ጣት የውኃውን መሃል ንክት አደረገችው። ዱቄቱ ሁሉ በአንዴ ወደ ዳር በረገገ። መሃሉ ጥርት ብሎ ቀረ። መስኮቱ የሚከፈተው፣ በረንዳ የሚወጣው፣ ፈቀቅ የሚለው፣ ዓይኑ ሻሿ ላይ ቆይቶ የሚወርደው ለምን እንደነበረ የሺ ያቺን ባዶ ውኃ እያየች አንድ በአንድ ገባት። እሷ እየቀባች እሱ ከኋላዋ እየጠረገ ነበር። ለዚያ ነው ማክሰኞ የሚሻለው። እንባዋ ገንዳዋ ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን አዞረች።

እንዳለቀሰች ዶክተር ሙቲሶ ቢሮ ገባች። ሻሿን ፈትታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችውና ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተሩ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ።

«ውሉን አድሳለሁ» አሉ። «ግን ልጁን ያስወጣሽው አንቺ ነሽ። አንቺው አምጪው።»

ከጊጊሪ ኪሊማኒ እህተማርያም ቤት እስክትደርስ ማታቱው የት የት እንደዞረ አታውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌሩን አልጠየቀችም። እህተማርያም በር ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ግቢ» አለቻት፤ ከመንገዱ ግን ዞር አላለችም። ከኋላዋ ሳሎኑ መሃል የተከፈተ ሻንጣ ይታያል።

«እህቴ፣ ቅቤው ነው» አለች የሺ። «የኔው ቅቤ።»

«አውቃለሁ» አለች እህተማርያም። «ከወር በፊት ነግሮኝ ነበር። 'ማሚ፣ አንቲ የሺ ጸጉሯ ይሸታል፣ ሥራውንም እያበላሸባት ነው፤ ልንገራት?' ሲለኝ እኔ ነኝ አፉን ያስያዝኩት። ሥራ ያስገባችህን ታላቅ ሰው ጸጉርሽ ይሸታል ልትላት? ባለጌ ልታስብለኝ ነው? አልኩት።» ድምጿ ተሰበረ። «እንዲህ የምታደርጊው መቼ መሰለኝ?»

ፍራኦል ከውስጥ ክፍል ወጣ፤ በእጁ የታጠፈ ሹራብ ይዟል። የሺ ልትስመው እጇን ዘረጋች፣ አፈረችና መልሳ ሰበሰበችው።

«እሺ እናትህ ከለከለችህ። ዶክተሩ ፊት ሲደርስስ? ፈቃድህ፣ ኑሮህ ሁሉ እያለ... ለምን አልነገርከኝም የኔ ልጅ?»

ፍራኦል ሹራቡን ሻንጣው ጠርዝ ላይ አኖረው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

የሺ  «ዓይኔን አይተህ ብትነግረኝማ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ራሷን ታውቃለች። ጥፋቱን በእኔ ሊያላክክ ነው ትል ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሳምንትም ባልታገሰችው።  እህተማርያም ናት ትከሻዋን ይዛ ያስቀመጠቻት።

ማታ አያልነሽ ነገሩን ስትሰማ «ቅቤ ደግሞ ሰው ያባርራል እንዴ! ጉድ እኮ ነው!» ብላ ተቆጣች። ቢሆንም ቅዳሜ የቅቤውን ዕቃ አላወጣችም። የሺ በተራዋ ጋሪ ገፊውን መንገድ ላይ ጠብቃ ጀሪካን በጀሪካን አስሞላች፤ እሑድ ማታ ሁሉንም አናቷ ላይ አፈሰሰችው።

ሰኞ ጠዋት ፍራኦል ይምጣ አይምጣ አልታወቀም ነበር። ተስፋ አልሰጣትም፤ «አስብበታለሁ» ብቻ ነው ያላት። ላቦራቶሪው በር ላይ ስትደርስ ረጅሙ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቁልፉ በእሷ እጅ ነው። አልከፈተችም። አጠገቡ መጥታ ሻሿን ፈታችና፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ልጅ እንደሚባረክ ሆና አንገቷን ደፋች።

«አሽትት።»

«አንቲ ኧረ በናትሽ! ሰው ያየናል።»

«ይየን። አሽትት አልኩህ፤ የሸተተህን ደግሞ ንገረኝ።»

ፍራኦል አጎነበሰ።  ሲናገር ድምጹ እንደ ድሮው የሚያፍር አልነበረም።

«ድገሚው።»

የሺወርቅ ቀና ብላ አየችው። ቁልፉን በእጁ አስጨበጠችውና፣ አንድ ቃል ሳትመልስ፣ ጸጉሯን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች።